ባሕር ዳር የቆመ አጥር

ዛፍ በጨው ውኃ ውስጥ ይበቅላል ቢባል ታምናላችሁ? ይበቅላል። ስሙ ማንግሮቭ ይባላል። ሥሩ ከግንዱ ወጥቶ እንደ ድንኳን ካስማ ጭቃው ላይ ይተከላል።

የማንግሮቭ ጥቅም ብዙ ነው። አንደኛ፣ የማዕበሉን ጉልበት ያበርዳል። ባሕሩ ዳርቻውን እየገመሰ ማሳና ቤት እንዳይወስድ ይከላከላል። ሁለተኛ፣ ጫጩት ዓሣ በሥሩ መካከል ተሸሽጎ ያድጋል። ሦስተኛ፣ የተቃጠለ አየር ይስባል፤ ከሥሩ ባለው ጭቃም ለብዙ ዘመን ያከማቻል።

በጎረቤታችን በኬንያ፣ ከሞምባሳ በስተደቡብ፣ ጋዚ የሚባል የባሕር ወሽመጥ አለ። በዳርቻው የጋዚና የማኮንጌኒ መንደሮች ይገኛሉ። ሕዝቡ ዓሣ ያጠምዳል፤ ያርሳል። ማንግሮቩ ግን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ ብዙ ቦታ ተራቁቶ ነበር። ከ1991 ጀምሮ (በአውሮፓ አቆጣጠር) የተራቆተው ቦታ እንደገና ይተከል ጀመር።

በ2013 ደግሞ ሁለቱ መንደሮች ሚኮኮ ፓሞጃ የሚባል ሥራ ጀመሩ። በስዋሂሊ «ማንግሮቭ በጋራ» ማለት ነው። 117 ሔክታር፣ ማለትም ሦስት ጋሻ ያህል ደን፣ በጋራ መጠበቅ ያዙ። ደኑ የሚያስቀረው የተቃጠለ አየር እየተለካ፣ በዓመት 3 ሺህ ቶን ያህል ይሸጣል። የሚገዙት አየሩን የሚበክሉ ድርጅቶችና ግለሰቦች ናቸው። ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል የሚመክረው ሕዝቡ ራሱ ነው። ንጹሕ ውኃ ተስቦበታል፤ ለተማሪዎች መጽሐፍ ተገዝቶበታል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሰው «አትቁረጥ» ስለተባለ ብቻ መቁረጡን አይተውም። ማታ እራት መብሰል አለበት እኮ! ስለዚህ መንደሮቹ ሸውሸዌ ተከሉ። ለማገዶና ለቤት የሚሆን እንጨት ከሌላ ቦታ ሲገኝ ማንግሮቩ ያርፋል። ምትክ የሌለው ክልከላ ሌሊት ይጣሳል።

እኛ ባሕር ባይኖረን ሐይቅና ወንዝ አለን። በጣና ዳር ያለው ደንገል ለታንኳ መሥሪያ ይሆናል፤ ለዓሣና ለወፍም መጠለያ ነው። ደንገሉ ተመንጥሮ ሲታረስ ለጥቂት ዓመት እህል ይገኝ ይሆናል፤ መጠለያው ግን ይጠፋል።

ይህን ካነበባችሁ በኋላ በማኅበራችሁ ተወያዩ፦
1. በቀበሌያችን ማንም እንደፈለገ የሚቆርጠው ደን ወይም የውኃ ዳር የትኛው ነው?
2. ቢከለል፣ ማገዶና ግጦሽ ከየት ይመጣል?
3. ጥቅሙ ለሁሉም እንዲደርስ ሒሳቡን ማን ይያዝ? ለማንስ ይነበብ?