ተኩላ የጠፋበትና የተመለሰበት ፓርክ

በአሜሪካ ዋዮሚንግ፣ ሞንታና እና አይዳሆ ግዛቶች የሚገኘው የሎውስቶን የዓለማችን የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ እንደኾነ ይነገርለታል። ፕሬዚዳንት ዩሊሰስ ግራንት የምሥረታ ሕጉን የፈረሙት እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1872 ነው። ወደ 9 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ይህ ምድር በፍል ውኃዎቹ፣ በጎሾቹ እና በድቦቹ ይታወቃል።

በቀደመው ዘመን ግን ጥበቃው ሁሉንም እንስሳት የሚያካትት አልነበረም። ተኩላ የከብት አርቢው ጠላት፣ የአጋዘኖችም ፈጅ ተብሎ ተፈርጆ በወጥመድ፣ በመርዝ እና በጥይት ተሳደደ። እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1926 ባሉት ዓመታት ቢያንስ 136 ተኩላዎች በፓርኩ ውስጥ ተገድለዋል። ከገዳዮቹ መካከል የፓርኩ ጠባቂዎች ጭምር ነበሩበት።

ተኩላው ሲጠፋ ኤልክ የተሰኘው ትልቅ የአጋዘን ዝርያ በዛ። በወንዝ ዳር የሚበቅለውን የአኻያ ለጋ ቅርንጫፍም ሳያድግ ይቀነጥበው ጀመር። አኻያን ለምግብ እና ለግድብ የሚጠቀመው ቢቨር ከብዙ ጅረቶች ጠፋ። ቢቨር እንጨትና ጭቃ ደርድሮ ጅረት የሚገድብ እንስሳ ነው። ግድቦቹ ሲፈርሱ ጅረቶቹ መሬቱን እየሸረሸሩ ጠለቁ፤ የከርሰ ምድር ውኃውም ከዕፅዋቱ ሥር ራቀ። የፓርኩ ጠባቂዎች እስከ 1960ዎቹ ድረስ ኤልኮችን እየገደሉ እና ወደ ሌላ ስፍራ እያጓጓዙ ቁጥሩን ለመቀነስ ደክመዋል። የተኩላውን ሥራ ሰው ተረክቦት ነበር ማለት ነው።

በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1995 14፣ በ1996 ደግሞ 17 ተኩላዎች ከካናዳ መጡ። በፓርኩ ዙሪያ ያሉ ከብት አርቢዎች አጥብቀው ተቃወሙ። ስጋታቸውም እውነት ነበር፤ ተኩላ የፓርክ ወሰን አያውቅምና ከፓርኩ ውጭ በጎችንና ጥጃዎችን ገድሏል። በዚህም ምክንያት አርቢው በግል ይዞታው ላይ ከብቱን ሲያጠቃ ያገኘውን ተኩላ መግደል እንዲችል በደንቡ ተፈቅዶለታል። የካሳ ክፍያም ተጀመረ። ኾኖም ካሳው በአብዛኛው የሚከፈለው ሬሳው ተገኝቶ ገዳዩ ተኩላ መኾኑ ሲረጋገጥ ነው። በሰፊ ተራራማ ግጦሽ ደብዛው የጠፋ ጥጃ ግን ማስረጃ የለውም።

በፓርኩ ሰሜናዊ ክፍል 19 ሺህ ገደማ የነበረው የኤልክ መንጋ እ.ኤ.አ. በ2013 ከ4 ሺህ በታች ወርዷል። ለዚህ ድቦች፣ ድርቅ እና ከፓርኩ ውጭ የሚካሄደው አደንም ድርሻ አላቸው። በአንዳንድ ወንዞች ዳር አኻያ አድጓል፤ ቢቨርም ተመልሷል። ጅረቱ ጠልቆ ውኃው በራቀበት ስፍራ ግን የተኩላ መመለስ ብቻውን ዕፅዋቱን አላዳነም። የተኩላው ድርሻ ምን ያህል እንደኾነ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከሩበታል።

የሎውስቶን እና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ሲኾን ሁለቱም ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች መካከል ናቸው። በሰሜን ተራሮችም ዋልያ፣ ጭላዳ እና ቀይ ቀበሮ ከአርሶ አደሩ ማሳና ግጦሽ አጠገብ ይኖራሉ።

በየሎውስቶን ተኩላው ከጠፋ በኋላ እስኪመለስ 70 ዓመት ያህል አልፏል። እንስሳው ቢመለስም የተሸረሸረው ጅረት አብሮት አልተመለሰም፤ የጥበቃው ዋጋ ደግሞ ዛሬም ቀድሞ የሚያርፈው በጎረቤት አርቢው በረት ላይ ነው።