ዐይን ያየውን ጆሮ ሲይዘው፤ ድምፅና የፊደል ቅርጽ በቃላት ትውስታ ላይ



የፈተና ወረቀት ሳርም ደጋግሞ የሚገጥመኝን ነገር መነሻ ላድርግ። አንድ ተማሪ በመጀመሪያው ገጽ «ሠራ» ብሎ የጻፈውን ቃል በሁለተኛው ገጽ «ሰራ» ይለዋል። ይህን ለብዙ ዓመታት የቸልተኝነት ምልክት አድርጌ ስቈጥረው ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን ምክንያቱ በአብዛኛው ቃላትን በአእምሯችን ከምንይዝበት መንገድ የሚመነጭ መሆኑን ላስረዳ እወዳለሁ።

በጽሑፍ ያየነውን ቃል ለአጭር ጊዜ የምንይዘው በአብዛኛው በድምፁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ኮንራድ የተባለው የሥነ ልቡና ተመራማሪ የእንግሊዝኛ ፊደላትን በጽሑፍ ብቻ እያሳየ፣ ተሳታፊዎቹ ወዲያው በተራቸው እንዲጽፏቸው አደረገ። ስሕተታቸው ከፊደላቱ መልክ ይልቅ ድምፃቸውን የተከተለ ነበር፤ «ቢ»ን በ«ቪ»፣ «ኤፍ»ን በ«ኤስ» ይለውጡ ነበር። ዐይን የተቀበለውን በውስጣዊ ንባብ ወደ ድምፅ ለውጠው ይዘውታል ማለት ነው። ባድሌይም እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተማቸው ጥናቶች፣ ወዲያው በሚጠየቅ ትውስታ የድምፅ መመሳሰል፣ ጊዜ በወሰደ ትውስታ ግን የትርጉም መመሳሰል ይበልጥ እንደሚያደናግር አሳይቷል።

ይህን ይዘን ወደ ፊደላችን እንመለስ። «ሰ»ና «ሠ»፣ «አ»ና «ዐ»፣ «ጸ»ና «ፀ»፣ እንዲሁም «ሀ»፣ «ሐ»ና «ኀ» በዛሬው አማርኛ የድምፅ ልዩነት የላቸውም። በግእዝ «ሠረቀ» የፀሐይን መውጣት፣ «ሰረቀ» ደግሞ ስርቆትን ያመለክታል፤ የእኛ ጆሮ ግን አንድ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ቃሉን በድምፁ ብቻ የያዘ ተማሪ፣ ሊጽፍ ሲነሣ የትኛውን ሆሄ እንደሚመርጥ የሚነግረው የለም። የሚረዱት የዐይን ትውስታና የቃሉ ሥር ናቸው። ተቃራኒውም አለ፤ «አለ» ሲጠብቅ መኖርን፣ ሲላላ መናገርን ይገልጻል። እዚህ ደግሞ ቅርጹ አንድ ስለሆነ፣ አንባቢው ከዐውዱ ተነሥቶ ትክክለኛውን ድምፅ መስጠት አለበት።

በባህላዊው የፊደል ትምህርት ለዚህ ችግር የሚያገለግል ዘዴ እናገኛለን። «ሀሁ»ን በዜማ ያጠና ሕፃን፣ ጣቱ በአንዱ ፊደል ላይ ሳለ አፉ ሌላውን ሊጠራ ይችላል። ወደ «አቡጊዳ» ሲሻገር ግን የፊደላቱ ተራ ስለሚለወጥ የለመደው ዜማ አያድነውም፤ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ መለየት ግድ ይሆንበታል።

እንግዲህ ሞክሼ ሆሄያትን በቃል ጽሕፈት ብቻ ማስተማር፣ ጆሮ የማይለየውን ከጆሮ መጠየቅ ነው። ቃሉን አስቀድሞ ማሳየት፣ እንደ «ሠራ»፣ «ሥራ»፣ «ሠራተኛ» ካሉ ዘመዶቹ ጋር ማገናኘት፣ ከዚያም ሸፍኖ ከትውስታ ማስጻፍ ይገባል። ተማሪውን ከመውቀሳችን በፊት፣ ቃሉን በዐይኑ የሚይዝበትን ዕድል ሰጥተነው እንደሆነ ራሳችንን እንጠይቅ።