ነጭ ሽንኩርት እባብ አያባርርም

ቅዳሜ በማለዳ ከአዲስ አበባ ይነሳሉ። አዳማን፣ ወለንጪትንና መተሐራን አልፈው፣ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይገባሉ። ፏፏቴው አካባቢ፣ ወንዙ ዳር ካሉት ዛፎች ሥር ድንኳን ተክለው ያድራሉ፤ እሑድ ከሰዓት ይመለሳሉ። ብዙ የእግር ጉዞ ቡድን አዋሽን የሚያውቀው በሳላውና በወፎቹ ነው። እኔ ግን ተሳቢ እንስሳትን ፍለጋ የሚደረገውን ጉዞ አብልጬ እወዳለሁ። ወንዙ ውስጥ አዞ አለ፤ ዳርቻው ላይ አርጃኖ ይሄዳል፤ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ገበሎ ራሱን እየነቀነቀ ፀሐይ ይሞቃል፤ ሣሩ ውስጥ ኤሊ ይገኛል፤ ዕድል ከቀና ደግሞ ዘንዶ ይታያል።

በዚህ ጉዞ ከእባቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ስለ እባብ ይዘነው የምንሄደው እምነት ነው። ገሚሱ እንስሳውን ያስገድለናል፤ ገሚሱ እኛኑ ይጎዳናል።

ነገሩ የሚጀምረው ገና ዕቃ ሲጫን ነው። ነጭ ሽንኩርት ተይዟል? ጤና አዳምስ? አንዱ ድንኳኑን ዙሪያውን ናፍጣ እንርጭ ይላል፤ ሌላው ሸካራ ገመድ ከከበብንበት እባብ አይሻገርም ይላል። እሳት ሌሊቱን ሙሉ ከነደደ ምንም አይጠጋንም የሚልም አይጠፋም። ከእነዚህ አንዱም እባብን አያግድም። እባብ በምላሱ ከአየርና ከመሬት ቅንጣት እየለቀመ ሽታ ይለያል፤ የሚከተለው የአይጥንና የእንቁራሪትን ዱካ ነው፤ የሽንኩርት ሽታ አጥር አይሆንበትም። ገመዱን በላዩ ላይ ተስቦ ያልፈዋል። እሳት ጅብን ያርቅ ይሆናል፣ ለእባብ ግን ትርጉም የለውም። ወንዝ ዳር የሚደፋ ናፍጣ ደግሞ አፈሩንና ውሃውን ከመበከል ያለፈ ፋይዳ የለውም።

እባብን ወደ ሰፈራችሁ የሚያመጣው አይጥ ነው፤ አይጧን የምታመጣት የተደፋችው ፍርፋሪ ናት። ስለዚህ የተረፈውን እንጀራና ፓስታ ሰብስቡ፣ ከድኑ። የድንኳኑን ዚፕ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ከፍታችሁ አትሂዱ፤ መሬት ላይ የተኛ ሰው በእንቅልፉ የሚነከስበት ጊዜ አለና። ጫማ ውጭ አይደር፤ ካደረም ሳይራገፍ አይጠለቅ። እንጨት የሚለቀመው ሳይመሽ ነው። ከጨለመ በኋላ ሽንት ቤት ለመሄድም ቢሆን ባትሪና የተሸፈነ ጫማ ያስፈልጋል።

«የእግር ኮቴ ሲሰማ እባብ ሁሉ ይሸሻል» የሚለው ለአብዛኛው እባብ እውነት ነው። ለእፉኝት ግን አይሠራም። እፉኝት ወፍራምና አጭር ናት፤ መልኳ ከደረቀ ቅጠልና ከአፈር ጋር ይመሳሰላል፤ መኖሯም በመሮጥ ላይ የተመሠረተ አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ለቀናት ሳትንቀሳቀስ አድፍጣ ምግቧን ትጠብቃለች። የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ለዚሁ የሠለጠኑ ውሾች እንኳ የእፉኝትን ሽታ ለይተው ማግኘት እንዳቃታቸው አሳይተዋል። ኮቴያችሁን ሰምታ ቦታ አትለቅም፤ ረግጣችኋት ታልፋላችሁ ወይም ትነክሳችኋለች። ማምሻ ላይና ሌሊት መንገድ ላይ ተዘርግታ ልትገኝ ስለምትችል፣ ከጩኸት ይልቅ የሚጠቅመው እግርን የምታሳርፉበትን ቦታ በብርሃን ማየት ነው።

ስለ እፉኝት ሌላም የቆየ ነገር አለ፦ ስትወልድ ልጆቿ ሆዷን ቀድደው ይወጣሉ፣ እናቲቱም ትሞታለች ይባላል። ይህ ከግሪክ ወደ ግዕዝ በተመለሰው፣ ፊሳልጎስ በተባለው መጽሐፍ ውስጥም ያለ፣ ወደ እኛ አገር ከመምጣቱ በፊትም ሲነገር የኖረ ታሪክ ነው። ከእውነቱ የተወሰደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እፉኝት እንደ ብዙ እባቦች እንቁላል አትጥልም፣ ሕያው ልጆች ትወልዳለች። አንዳንዴ በአንድ ጊዜ ከ40 በላይ ትወልዳለች። ልጆቹ በስስ ሽፋን ተጠቅልለው ይወጡና ሽፋኑን ቀድደው ይበተናሉ። የሚቀደደው ሽፋኑ ነው፤ እናቲቱ በሰላም ትሄዳለች።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። አንድ ሰው ቢነከስ ቡድኑ ምን ያደርጋል? የብዙ ሰው መልስ ያስፈራኛል፦ ከንክሻው በላይ አጥብቆ ማሰር፣ በምላጭ በጥቶ ደሙን ማፍሰስ፣ በአፍ መምጠጥ፣ መርዝ ይመጥጣል የሚባለውን ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ፣ አረቄ ማጠጣት። ሁሉም ጎጂ ነው። የእፉኝት መርዝ ሥጋን የሚያበላሽና ክፉኛ የሚያሳብጥ ነው። በገመድ ሲታሰር መርዙ በዚያው ይታቆራል፣ ያበጠው እግር ደግሞ ደም ያጣል። እግር እስከ መቆረጥ ሲደረስ መርዙ ብቻ አይደለም ተጠያቂው፣ ገመዱም አለበት። ምላጩ ቁስልና ኢንፌክሽን ይጨምራል፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርዝ ከሆነማ የማይቆም መድማት ያስከትላል። በመምጠጥ የሚወጣው መርዝ ከቁጥር አይገባም።

ታዲያ «እገሌ በጥቁር ድንጋይ ድኗል» የሚለው ምስክርነት ከየት ይመጣል? የሚናገሩት ሰዎች አይዋሹም። ብዙ እባቦች ሰውን የሚጎዳ መርዝ የላቸውም። መርዛማው እባብም ቢሆን ሁልጊዜ መርዝ አይለቅም፤ አንዳንዴ በባዶ ጥርሱ ነክሶ ይሄዳል። እንዲህ የተነከሰ ሰው ድንጋይ ቢለጠፍለትም ባይለጠፍለትም ይድናል፤ ምስጋናው ግን ለድንጋዩ ይሆናል። መርዝ የገባበት ሰው ደግሞ ድንጋዩ እስኪለቅ ሲጠበቅ ሆስፒታል የሚደርስበት ሰዓት ያልፈዋል።

የሚደረገው ይህ ነው። ሰውየውን ከእባቡ አርቁት፣ አረጋጉት፣ አስተኙት። ቀለበት፣ ሰዓት፣ አምባር፣ ጫማ ካለ እብጠቱ ሳይቀድም አውልቁ። የተነከሰውን እጅ ወይም እግር እንደ ተሰበረ አጥንት በእንጨት ደግፋችሁ እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ፤ ጨርቁ ግን ደም እስኪያግድ አይጥበቅ። የተነከሰበትን ሰዓት ጻፉ። ተሸክማችሁ ወደ መኪና፣ በመኪና ወደ ሕክምና። እባቡን ለማሳየት ብሎ መግደል ወይም መያዝ አያስፈልግም፤ ሁለተኛ ተነካሽ ከማምጣት በቀር ጥቅም የለውም። የተቆረጠ የእባብ ጭንቅላት እንኳ ለተወሰነ ጊዜ መንከስ ይችላል።

«ማርከሻውን ይዘን እንሂድ» የሚልም አለ። የእባብ መርዝ ማርከሻ ራሱ ከባድ የአለርጂ ድንጋጤ ሊያመጣ ስለሚችል፣ የሚሰጠው ያንን ማከም በሚችል የጤና ተቋም ውስጥ ነው። በዚያ ላይ ለአንድ አካባቢ እባቦች የተሠራው ለሌላው አይሆንም፤ ለሕንድ እባቦች የተሠራ ማርከሻ ለአፍሪካ እፉኝት አይበጅም። የጉዞው አስተባባሪ ማድረግ ያለበት ሐሙስ ወይም ዓርብ ስልክ ማንሳት ነው፤ በመንገዱ ላይ የትኛው ሆስፒታል ማርከሻው አሁን እንዳለው በቀጥታ ጠይቆ ማወቅ። የቡድኑ የምግብ ዝርዝር ለብዙ ቀን ሲወራበት ይህ አንድ ጥሪ መረሳቱ ያሳዝነኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓመት ከ81,000 እስከ 138,000 ሰዎች በእባብ ንክሻ ይሞታሉ፤ ድርጅቱ ችግሩን ትኩረት የተነፈጋቸው የሐሩር በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ይሁንና የሚነከሱት በአብዛኛው ካምፒንግ የወጡ ሰዎች አይደሉም። በአገራችን ሰሜን ምዕራብ ቆላ፣ አብደራፊ ላይ፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ሲያክማቸው የቆዩት ሰሊጥ ሊያርሙና ሊያጭዱ የመጡ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ሰለባው በባዶ እግሩ የሚሠራና መሬት ላይ የሚያድር ድሀ ነው። ጫማና ዚፕ ያለው ድንኳን ያለን ሰዎች ከአደጋው አብዛኛውን ቀንሰን ነው የምንሄደው።

የሚተፋ ኮብራም በቆላው አለ። «ዓይን ያጠፋል» የሚባለው ካልታከመ እውነት ነው፤ በወተት ወይም በቅጠል ማጠብ ግን መፍትሔ አይደለም። ብዙ ንጹሕ ውሃ፣ ለ15 ደቂቃና ከዚያ በላይ፣ ዓይኑን ገልጦ ማፍሰስ፤ ከዚያ ሐኪም። አለማሸት። የእባብ ጓደኛ ተከታትሎ ይበቀላል የሚለውን በአጭሩ ልለፈው፦ እባብ ጥንድ ሆኖ አይኖርም፣ ቂምም አይዝም። የላም ጡት ጠብቶ ወተት ይጠጣል የሚባለውም እንዲሁ፤ ጥርሱና አፉ ለመጥባት የተሠራ አይደለም።

ወደ ወንዙ እንውረድ። «ውሃው ጸጥ ካለ አዞ የለም» ከሚለው የበለጠ አደገኛ አባባል አዋሽ ዳር አላውቅም። አዞ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ እንኳ ተደብቆ ይቆያል፤ የሚያጠቃውም ዳር ላይ ነው። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ውሃ የሚቀዳ ወይም ሰሃን የሚያጥብ ሰው ለአዞ ቀላል ነው። ውሃ ከከተማ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሰሃኑም ከወንዙ ርቆ ይታጠብ። አዞ ሲያሳድድ ዚግዛግ መሮጥ ያድናል ይባላል፤ አዞ በየብስ ላይ ርቆ አያሳድድም፣ መሮጥ ካለባችሁ በቀጥታ ከውሃው ራቁ። ማታ ከፓርኩ ጠባቂ (ስካውት) ጋር ሆናችሁ ከከፍተኛው ዳርቻ ባትሪ ብታበሩ ዓይኖቹ እንደ ፍም ቀልተው ይታያሉ፤ ይህ አዞን ለመቁጠር ተመራማሪዎችም የሚጠቀሙበት መንገድ ነው።

እናት አዞ ልጆቿን ትበላለች የሚባለው ደግሞ ፍርደ ገምድል ነው። ሦስት ወር ያህል ጎጆዋን ትጠብቃለች። ልጆቹ እንቁላል ውስጥ ሆነው ድምፅ ሲያሰሙ አሸዋውን ቆፍራ ታወጣቸዋለች፤ በአፏ ይዛም ወደ ውሃ ታደርሳቸዋለች። በአፏ ይዛቸው ያያት ሰው ነው «በላች» ያለው። እንቁላሉን በእርግጥ የሚበላው አርጃኖ ነው። የአዞ ልጆች ወንድ ወይም ሴት መሆናቸውም የሚወሰነው በጎጆው ሙቀት ነው። ትላልቆቹን በብዛት ማየት የሚፈልግ ጫሞ ሐይቅ ላይ፣ ቁልፎ ወንዝ በሚገባበት፣ የአዞ ገበያ ወደሚባለው ቦታ ይሂድ።

እስስት የቆመችበትን ቀለም ትመስላለች የሚለው ስድባችንም ውስጥ ገብቷል። ቀለሟን የሚለውጠው ሙቀት፣ ፍርሃት፣ ጠብና የትዳር ፍላጎት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የጄኔቫ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በቆዳዋ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ክሪስታሎች ሲቀራረቡና ሲራራቁ የሚያንጸባርቁት ብርሃን ይለወጣል። መርዝ የላትም። በአገራችን በመርዙ ሰውን የሚጎዳ እንሽላሊትም ሆነ ገበሎ የለም። ሌሊት ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ተኝታ ቀለሟ ስለሚነጣ፣ በባትሪ ፈልጎ ለማግኘት ከቀን ይልቅ ያኔ ይቀላል።

ደጋ ላይ ተሳቢ የለም ብላችሁም አትተዉ። ከባሌ ሐረና ጫካ የተገኘ አንድ የእፉኝት ዝርያ ለሳይንስ አዲስ ሆኖ የተገለጸው ገና እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

በጉዞው በብዛት የሚበደለው ግን ማንም የማይፈራው ኤሊ ነው። ገር ስለሆነ ለፎቶ ይነሳል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የሚሸናው ፈርቶ ነው፤ ያ ውሃ በበጋ የሚኖርበት ስንቁ ነው፣ በደረቅ ወቅት ካፈሰሰው ሊሞት ይችላል። ከድንጋዩ ወጥቶ ሌላ ይገባል የሚባለውም ሐሰት ነው፤ ድንጋዩ የጎድን አጥንቱና አከርካሪው ነው፣ ሲመቱት ያመዋል። መንገድ ላይ ካገኛችሁት ከመሬት ብዙ ሳታርቁ ወደሚሄድበት አቅጣጫ አሻግሩት። ቤት ወስዶ ማሳደግ አይፈቀድም፤ የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝን ሕግ ይከለክላል። አስተባባሪው ይህን መኪናው ፓርኩ በር ላይ ሳይደርስ ለሁሉም ቢናገር፣ ልጆች ይዘው የመጡትም ከመውረዳቸው በፊት ቢሰሙት ጥሩ ነው።