የአሮጌው አይሱዙ ጋቢና

በካኩማ ካምፕ፣ ከኢትዮጵያውያን ገበያ አጠገብ ባለች አንዲት የብየዳ ቤት ሰሞኑን አንድ አሮጌ አይሱዙ ቆሟል። ከኪታሌ ሽንኩርት፣ ድንችና ዱቄት ጭኖ የሚመላለስ ነው። ሞተሩ ደህና ነው፤ ያስቆመው የጋቢናው ወለል ነው። በሹፌሩ እግር ሥር ያለው ላሜራ በዝገት ተበልቶ አስፋልቱ በቀዳዳው ይታያል። ሹፌሩ ጣውላ አንጥፎበት ሲነዳ ከርሟል። ጣውላው ተንሸራቶ ፍሬን ሥር ቢገባ ምን እንደሚመጣ መናገር አያሻም፤ ከጭነቱ ላይ ደግሞ ሰው አይጠፋም።

እኛ መምህራንም ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሄደን አየን። ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቻችን እዚያ ሙያ ስለሚለምዱ ነገሩ ይመለከተናል።

ባለሙያው መጀመሪያ መቁረጥ አልጀመሩም። የጎማውን ምንጣፍ አንስተው ወለሉን፣ የበሩን ታችና የፊት መስታወቱን ዙሪያ በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አደረጉ። ካቻቢቴው የገባበት ሁሉ ያለቀለት ነው። በዚህ ደረቅ አገር ብረት አይዝግም የሚል ሰው አለ። ነገር ግን መኪናው በጎርፍ ሲያልፍ ጭቃው ምንጣፍ ሥር ገብቶ ይቀራል፣ የበሩ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎችም በአቧራ ይደፈናሉ። ቀለሙ ከላይ ሲነፋ ብናይ ዝገቱ ከውስጥ ከጀመረ ቆይቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ የላሜራ ጥያቄ መጣ። በካምፓችን ብዙ በር የሚሠራው ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ስለሆነ እሱኑ ለጥፉበት የሚል አልጠፋም። አይሆንም! ስስ ነው፤ ብየዳው ገና ሲነካው ይበሳል። የቤት ክዳን ቆርቆሮም ዚንክ የተቀባ ስለሆነ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል። ወተት ጠጡበት ይባላል፤ መከላከያው ግን ዚንኩን ፍቆ ማንሳትና ነፋስ ባለበት ቦታ መሥራት ነው። ለወለል የሚሆነው 1 ሚሊሜትር ወይም ትንሽ ወፈር ያለ ጥቁር ላሜራ ነው። እሱ ደግሞ ከከተማ ነው የሚመጣው። እኛ ከካምፕ ለመውጣት ፈቃድ ስለሚያስፈልገን ለሹፌር ገንዘብ ሰጥቶ መጠበቅ ነው።

ስለዚህ የ200 ሊትር በርሜል ይቀደዳል፤ ውፍረቱ ይስማማል። ውድ አንባብያን፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ባዶ የተባለ በርሜል ባዶ አይደለም። የቤንዚን ወይም የናፍጣ ትነት ውስጡ ይቀራል፤ የብየዳ ወይም የግራይንደር ፍንጣሪ ካገኘው ፈንድቶ ሰው ይገድላል። እኚህ ባለሙያ በርሜሉን በሳሙና ደጋግመው አጥበው፣ ውሃ ሞልተው፣ ክዳኑን በመሮና በመዶሻ ነው የከፈቱት። ምን እንደነበረበት ያልታወቀ በርሜል ጨርሶ አይነኩም። ይህን ጽሑፍ የጻፍነውም በዋናነት ለዚሁ ነው፤ በርሜል የሚቀዱ ልጆች በየብሎኩ አሉ።

ከዚያ ባትሪው ተፈታ፣ ገመዶቹ ተነሱ፣ አሸዋና ውሃ ተቀመጠ። በሮቹን ዘግተው በጋቢናው ውስጥ የብረት ዘንግ አግድም ያዙበት። የበሩ ደፍ ሲቆረጥ ጋቢናው ከተጣመመ በሩ ዳግመኛ አይገጥምም። ዝገቱን አልፈው ንጹሁን ብረት እስኪያገኙ ቆረጡ፣ በካርቶን ልክ ወስደው ላሜራውን በዚያ ቀደዱ። ብየዳው ባንድ ጊዜ አይሰመርም። እዚህ ነጥብ፣ ከዚያ ማዶ ነጥብ፣ አለበለዚያ ላሜራው በሙቀት ይንሻፈፋል። ጋቢናው ከሻንሲው ጋር በብሎን የሚታሰርበት ቦታ ግን ወፍራም ብረት ይፈልጋል። ብየዳው በነካ ቁጥር የሠፈሩ አምፖል ይደበዝዛል፣ ጎረቤትም ያጉረመርማል።

የሚገርመው የቃላቱ ነገር ነው። ጋቢና፣ ላሜራ፣ ፓራፋንጎ፣ ባቲላሜራ ሁሉም ከጣሊያን የመጡ ናቸው። አሁን የደቡብ ሱዳን ልጆችም እዚሁ ብየዳ ቤት «ላሜራ አምጣ» ይባባላሉ።

በዝገት ላይ ስቱኮ ለጥፎ ቀለም መቀባት ግን በእኛ አስተያየት ገዢን ማታለል ነው። እዚህ ከላይም ከሥርም ጸረ ዝገት ቀለም ተቀባ፣ የውሃ ማፍሰሻዎቹም ተከፈቱ።

የብየዳ ማስኩ አንድ ብቻ ነው። ልጆቹ በፀሐይ መነጽር ሲመለከቱ ውለው ማታ ዓይናቸው አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁራቸዋል። የፀሐይ መነጽር የብየዳን ብርሃን አይከላከልም። ማስክ የሌለው ፊቱን ያዙር ብለን ነገርናቸው፤ ባለሙያውም ሁለተኛ ማስክ ከላሜራው ጋር አዝዘዋል።

መኪናው ሐሙስ ይወጣል ተብሏል። የግራ በሩ ታች ገና ነው።