ጉልበት አልታጠፍ ሲል



አንድ ወንድማችን ከጀመዓ ሶላት መቅረት ሲጀምር ምን እንላለን? «ሰነፈ» እንል ይሆናል። ምናልባት ግን ኤች አይ ቪ በደሙ ያለ፣ ጉልበቱና ዳሌው እየጠዘጠዘው ሱጁድ ያቃተው፣ ቢጠይቁኝ ምን እመልሳለሁ ብሎ የሰጋ ሰው ነው።

ቫይረሱ ራሱ መገጣጠሚያንና ጡንቻን ሊያሳምም ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ የጀርባ አጥንትን ሲያጠቃ ወይም ወደ ዳሌ አጥንት የሚሄደው ደም ሲቀንስም ሕመሙ ይጸናል። ከመድኃኒቶቹ ዚዶቩዲን ጡንቻን ሊያደክም፣ ቴኖፎቪር የአጥንትን ጥንካሬ ሊቀንስ ይችላል። ጥቅማቸው ግን ከጉዳታቸው እጅግ ይበልጣል።

ትልቁ አደጋ «ያሳመመኝ ክኒኑ ነው» ብሎ በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ ነው። ያን ጊዜ ቫይረሱ ይባዛል፤ መድኃኒቱንም ሊለማመደው ይችላል። በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል። በኛው ኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ፣ በሥጋ ደዌ የተጎዱ እጅና እግሮችን ሲያክም የኖረው አለርት ሆስፒታልም ይህን ሕክምና ይሰጣል። ሕመሙን ለሐኪም እንንገር፤ ምክንያቱን ይመረምራል፣ ካስፈለገም መድኃኒቱን ይለውጣል። መገጣጠሚያው አብጦ ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን እንሂድ።

ዲናችንም አላስጨነቀንም። ቆሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያቃተው በጎኑ ተኝቶ ይሰግዳል። እንግዲያው ወንበር ይዞ ለመጣ ወንድም ከሶፋችን ቦታ እንስጠው፤ ምክንያቱን ግን አንጠይቀው።

አላህ ለሕሙማን ሁሉ ሺፋውን ይለግሳቸው። አሚን።