«ፎርማት» በሚለው ቃል ሥር የተደራረቡ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች፦ ስለ ቪዲዮ ፋይል ስያሜዎች

የዲጂታል ፊልም ቅንብር መመሪያዎችን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የሚገጥመው ችግር የቃል እጥረት ሳይሆን የፍች መደራረብ ነው። «ፎርማት»፣ አንዳንዴም «ቅርጸት» የሚባለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድነት ይሸፍናል፤ ይኸውም ምስልና ድምፅ አንድ ላይ የሚቀመጡበትን የፋይል ዐይነትና የምስሉ መጠን የተቀነሰበትን ስልት ነው።

እኛም ከዚህ ስሕተት ነፃ አልነበርንም። በአንድ ወቅት ባዘጋጀነው ትርጉም «ቅርጸቱን ወደ ኤም ፒ 4 ለውጡ» ብለን ጻፍን። ዋናው ጽሑፍ የሚጠይቀው ፋይሉ የተቀመጠበት ዐይነት ብቻ እንዲለወጥ ነበር። አንባቢዎቻችን ግን የተረት ነጋሪዎችን ቅጂ እንደገና ቀንሰው አስቀመጡና የመጀመሪያዎቹን ፋይሎች ሰረዙ። ለሥነ ድምፅ ጥናት የሚፈለገው የከንፈር እንቅስቃሴ ደበዘዘ፤ የጠፋውም ሊመለስ አልቻለም።

ለመጀመሪያው ጽንሰ ሐሳብ «ማኅደር» የሚለው ቃል አጓጉቶን ነበር። የብራና መጽሐፍ የሚገባበት የቆዳ ማኅደር በውስጡ ያለው ድርሳን ይሁን ዳዊት አይናገርምና ምሳሌው እጅግ የተስማማ ነው። ሆኖም ቃሉ በጽሕፈት ቤት ቋንቋ ራሱን ፋይልን ስለሚያመለክት ትተነው «መያዣ» የሚለውን መርጠናል። በባንክ ያለው የዋስትና ፍች ከዐውዱ ስለሚለይ አያሳስትም። እ.ኤ.አ. በ1991 አፕል ያወጣው ኩዊክታይም፣ በ1992 ማይክሮሶፍት ያወጣው ኤ ቪ አይ፣ በኋላም በኩዊክታይም አወቃቀር ላይ የተመሠረተው ኤም ፒ 4 ሁሉም መያዣዎች ናቸው። በ2003 የጸደቀው ኤች 264 ግን ስልት እንጂ መያዣ አይደለም፤ በኩዊክታይምም በኤም ፒ 4ም ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ከፋይሉ ስም በስተመጨረሻ ያለው ቅጥያ ስለ ይዘቱ የሚነግረን ጥቂት ነው።

ስልቱን የሚፈጽመውን መሣሪያ «አመስጣሪ» ያሉ አሉ። ምስጠራ የመደበቅ ሐሳብ አለው፤ እዚህ ግን የሚደበቅ ነገር የለም። ስለዚህ «ኮዴክ» የሚለውን የውሰት ቃል እንዳለ መያዝ ይሻላል።

ሥራውን ራሱን «ጭመቃ» ወይስ «እመቃ» እንበለው? ሲጨመቅ ፈሳሹ ይወጣና አተላው ይቀራል፤ ሲታመቅ ግን ሁሉም ነገር በጠባብ ቦታ ይጠቀጠቃል። ለጠቅላላው «እመቃ» ብለን፣ ምንም የማይቀንሰውን «ጉድለት አልባ»፣ የሚቀንሰውን «አጉዳይ» ብንለው ልዩነቱ ይጠበቃል። እመቃ የግድ ነው፤ 1920 በ1080 ነጥብ ያለው፣ በሴኮንድ 25 ምስል የሚያሳይ ፊልም ሦስቱ ቀለማት እያንዳንዳቸው በ8 ቢት ተመዝግበው ሳይታመቅ ቢቀመጥ ለአንድ ሰዓት 560 ጊጋባይት ያህል ይፈልጋል።

ለአቀናባሪው ዋናው ልዩነት ሌላ ነው። በአንዳንድ ካሜራዎች ላይ እንደሚሠራው የኤች 264 እመቃ ያለው «ተከታታይ-ምስል እመቃ» አንዱን ምስል ሙሉ ይመዘግብና ከሚቀጥሉት ውስጥ የተለወጠውን ብቻ ይጽፋል። ቦታ ይቆጥባል፤ ነገር ግን አቀናባሪው በመካከል ያለ አንድ ምስል ላይ ሲቆርጥ ኮምፒዩተሩ ከእርሱ ጋር የተያያዙትን ምስሎች ሁሉ መፍታት አለበት። «ነጠላ-ምስል እመቃ» እያንዳንዱን ምስል ለብቻው ያምቃል። በ2007 የወጣው ፕሮሬስ ከዚህ ወገን ነው፤ ፕሮሬስ 422 የተባለው ደረጃው ከላይ ለጠቀስነው ፊልም በሰዓት 55 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። በዲስክ ቦታ የሚከፈለው ዋጋ በሥራ ቅልጥፍና ይካካሳል። ካሜራው አስቀድሞ የጣለውን ዝርዝር ግን ፕሮሬስም አይመልሰውም፤ ተርጓሚዎች «ጥራቱን ያሻሽላል» እያሉ የሚጽፉት ስሕተት ነው።

ኮምፒዩተሩ ደካማ ሲሆን አነስተኛ ቅጂ ተዘጋጅቶ ቅንብሩ በእርሱ ይሠራና በመጨረሻ ዋናው ፋይል ይተካበታል። ይህን «ወኪል ፋይል» ብለነዋል፤ ወኪል በባለቤቱ ስም ይሠራል እንጂ ባለቤት አይሆንምና።

በሴኮንድ የሚተላለፈውን የቢት ብዛት «የቢት ፍጥነት» የሚሉት ብዙ ናቸው። ፍጥነት የሚለው ቃል ግን ፋይሉ ቶሎ የሚከፈት ያስመስለዋል፤ እውነቱ ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። «የቢት ፍሰት» የሚለውን ለጊዜው እየተጠቀምንበት ነው።