ፉርሽካው የት ገባ?

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አስፋልት ሀብሩ ወረዳን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ውርጌሳ፣ መርሳ፣ ሲሪንቃ። ክረምቱ ሲወጣ ግራ ቀኙ ማሽላና ጤፍ ነው። ማሳው እንዲህ ሆኖ ሳለ፣ መንገድ ዳር ካለ ቁርስ ቤት ገብቶ «ምን አለ?» ለሚል ተሳፋሪ የሚደረደርለት ግን ፍርፍር፣ ፉል በዳቦ፣ እንቁላል በዳቦ፣ ጨጨብሳና ቦምቦሊኖ ነው። ፍርፍሩን ካነሳን የቀረው ሁሉ ነጭ ፉርኖ ዱቄት ነው።

ዱቄት ነጭ የሚሆነው ስለተቀነሰበት ነው። ፋብሪካ ከገባ አንድ ኩንታል ስንዴ ሦስት አራተኛው ያህል ዱቄት ሆኖ ይወጣል፤ የቀረው ገለፈትና ማብቀያ ፉርሽካ ተብሎ ለከብት መኖ ይሸጣል። አብዛኛው የስንዴው ፋይበር፣ ብረት፣ ዚንክና ቢ ቫይታሚን የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው። ለድልብ በሬ መልካም ዜና ነው፤ ለሰው ግን አይደለም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው የ195 አገሮች ጥናት እንደሚለው፣ በ2017 ከአመጋገብ ጋር ተያይዘው ከደረሱት 11 ሚሊዮን ሞቶች 3 ሚሊዮን ያህሉ ሙሉ እህል፣ ማለትም ምንም ያልተቀነሰበት እህል፣ አሳንሶ ከመብላት ጋር የተያያዙ ናቸው።

የእኛ ጉዳይ ግን ከአውሮፓ ይለያል። እነሱ ከነጭ ዳቦ ተነስተው ወደ ሙሉ እህል ለመመለስ ይደክማሉ፤ የእኛ ምግብ ቤቶች ማንም ሳይመክራቸው በጤፍ እንጀራ ሙሉ እህል ሲያቀርቡ ኖረዋል። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ናት፤ አንድ ሺህ ፍሬ ተቆጥሮ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ገለፈቷን ለይቶ የሚፈጭ ወፍጮ ቤት የለም። ማኛም ሆነ ሰርገኛ፣ ቀይም ሆነ ነጭ፣ የገባው ሁሉ ይወጣል። እርሾውም ሥራ አለው፤ ሊጡ ሲቦካ ብረትና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት ይቀንሳል። ይህን ስል እንጀራ መድኃኒት ነው ማለቴ አይደለም። ዱቄቱ ልም ስለሆነ የደም ስኳርን ቶሎ ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ የስኳር ሕመምተኛ መጠኑን መመጠን አለበት።

እንግዲህ ጥያቄው ያለንን እንዴት አናጣም የሚል ነው። ጤፍ ሲወደድ ሊጡ ውስጥ ሩዝ ይገባል፤ እንጀራው ነጭ ይሆናል፣ ፋይበሩ ይሳሳል። ማሽላም ተፈትጎ ሲፈጭ እንደዚያው ነው። ቁርሱን ዳቦ ወስዶታል፤ ምሳውን ደግሞ ፓስታና ሩዝ እየተሻሙት ነው።

ማሽላ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ወሎ ላይ ስለ እህል ሲጻፍ ማሽላን አልፎ መሄድ አይቻልምና። ገበሬው ወተት በጉንጬ፣ ማርጩቄ እያለ ስም ያወጣላቸው፣ በእሸትነታቸው ተጠብሰው የሚበሉ ዘሮች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 9,000 ያህል የማሽላ ዓይነቶችን ፈትሸው፣ ላይሲን በተባለው የፕሮቲን ክፍል ከሌሎቹ የላቁ ሁለት አገኙ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ነበሩ፤ የተሰበሰቡትም ከወሎ ነው። ያው ዓመት ዓለም የወሎን ረሃብ በቴሌቪዥን ያየበት ዓመት መሆኑን ሳስብ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ሲሪንቃ ላይ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም ዝናብ ለሚያጥረው ቆላ የሚስማሙ የማሽላ ዝርያዎችን ሲያወጣ ኖሯል፤ የጁ፣ ራያና ግራና-1 ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ስማቸው የአካባቢው ስም ነው። ሆኖም በአካባቢው ስም የተጠራው እህል በአካባቢው ምግብ ቤት የምግብ ዝርዝር ላይ አልወጣም። ምክንያቱ ጣዕም አይመስለኝም። የማሽላ እንጀራ ትኩሱን ሲበላ የሚጠላው የለም፤ ሲያድር ስለሚደርቅና ስለሚፈረፈር ግን ለነጋዴ አይመችም። ከዚያ የባሰው ደግሞ ማዕረግ ነው፦ ማሽላ የቤት፣ ያውም ያጣ ቤት ምግብ ተደርጎ ይታያል። እንግዳ የሚከበረው በነጭ ነው።

ትልቁ የለውጥ በር ያለው ግን የተማሪዎች ካፊቴሪያ ላይ ነው። ምግብ ቤት የደንበኛ ፊት ያያል፤ ካፊቴሪያ ግን በጨረታ ገዝቶ በሺህ ለሚቆጠሩ ወጣቶች በአንዴ ያቀርባል። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ወልድያ ላይ ዋና ግቢ፣ መርሳ ላይ ደግሞ የግብርና ግቢ አለው። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በሰሜኑ ጦርነት ስትያዝ ዩኒቨርሲቲው ተዘርፏል፤ ከዚያ ወዲህም ሰላሙ አልረጋም። ስለ ምግብ ዓይነት ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከ22 ብር ወደ 100 ብር አድጓል። ገንዘቡ የሚገዛው ዳቦ ከምን ዱቄት ይጋገር የሚለው አሁን ሊነሳ የሚገባው ጥያቄ ነው።

ዳቦ ጋጋሪው መልስ አለው፤ መስማትም ይገባል። ያልተነፋ ዱቄት ሊጡ ብዙ ኩፍ አይልም፤ ያው ግራም ያለው ዳቦ አንሶ ይታያል፤ ገዢው ደግሞ በዓይኑ ነው የሚመዝነው። ማብቀያው ዘይት ስላለው ዱቄቱ ቶሎ ይበላሻል። ፋብሪካውም ከፉርሽካው ገቢ አለው። ይሁን እንጂ ዴንማርኮች ይህንኑ ችግር ይዘው ነው የጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ2008 መንግሥት፣ የጤና ማኅበራትና ዳቦ ጋጋሪዎች ተጣምረው፣ ዳቦውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ቀየሩት። የአንድ ሰው የቀን የሙሉ እህል ፍጆታ ከ36 ግራም ተነስቶ በ2019 ወደ 82 ግራም ደረሰ።

የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱን የመጀመሪያ የአመጋገብ መመሪያ አውጥቷል። መመሪያ ግን በራሱ እግር ማዕድ ቤት አይገባም። የዩኒቨርሲቲው ግዢ ክፍል በሚቀጥለው የዳቦ ጨረታ ላይ «ከዱቄቱ ሩቡ ያልተነፋ ይሁን» የሚል አንድ መስመር ይጨምር። የመርሳው ግቢና የሲሪንቃ ባለሙያዎች የማሽላና የጤፍ ቅይጥ እንጀራን ለምግብ ቤት በሚመች መጠን ጋግረው ለባለቤቶቹ ያቅምሱ። የወልድያና የመርሳ ቁርስ ቤቶች ደግሞ ካልተፈተገ ስንዴ የተከካ ቅንጬና የገብስ በሶ በየጠዋቱ ያኑሩ፤ ሁለቱም በዋጋ ከእንቁላል በዳቦ የሚወደዱ አይደሉም። እርስዎም አንባቢ፣ በዚያ መንገድ ሲያልፉ አስተናጋጁን ቅንጬ አለ ወይ ብለው ይጠይቁ፤ የለም ቢልዎት እንኳ ሳይጠይቁ አይለፉ።